ከአሞሌ እስከ ቃል ኪዳን፦ ሰቆጣ በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ

ሰቆጣ በዜና ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቅ ትላለች። አንደኛው በነሐሴ አጋማሽ፣ የሻደይ ልጃገረዶች ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ሲጨፍሩ ነው። ሁለተኛው ዝናብ ሲቀር ነው። በመጀመሪያው ዜና ላይ አንድ ኃላፊ ስለ ቱሪዝም ይናገራል፤ በሁለተኛው ላይ ሌላ ኃላፊ ስለ እርዳታ ይናገራል። በቀሩት ወራት ሰቆጣ ውስጥ ሰው የሚኖር አይመስልም። ገበያ የለም፣ ሠርግ የለም፣ የመሬት ክርክር የለም፣ የባንክ ወረፋ የለም።

ይህን ልማድ ጋዜጠኞች አልፈጠሩትም። ከመጻሕፍት የወረሱት ነው። ስለ ዋግ የተጻፉት መጻሕፍት በአንድ መደርደሪያ ላይ በዘመን ቅደም ተከተል ቢሰለፉ አገሩ በየዘመኑ ለምን ጉዳይ ሲታወስ እንደኖረ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መደርደሪያው ረጅም አይደለም። ቢሆንም ከዳር እስከ ዳር ሲታይ የሚያሳዝንም የሚያስቅም ነገር አያጣም።

የተጓዦቹ ረድፍ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በማግሥቱ ዓመት ጎንደር ገባ። መጽሐፉን ያሳተመው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1790፣ በአምስት ትልልቅ ቅጾች ነበር። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ስለ ዓባይ፣ ስለ ቤተ መንግሥት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ዕፅዋት ብዙ ብሏል። ለንደን ግን አንድ ነገር ብቻ ይዛ ቀረች፦ በአክሱም አካባቢ ወታደሮች ከቆመች ላም ሥጋ ሲቆርጡ አየሁ ያለውን። ሰውዬው ውሸታም ተባለ፤ የቀልድ መጫወቻ ሆነ።

ከብሩስ በኋላ ስሙ በእንግሊዝኛ ቃል በቃል «ጨው» ማለት የሆነው ሄንሪ ሳልት መጣ። መጀመሪያ ላይ እሱም ብሩስን አላመነም ነበር። በኋላ ግን ናትናኤል ፒርስ የተባለ መርከበኛ ምስክር ሆነለት። ፒርስ ከ1805 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ፣ ትግራይን፣ ላስታንና ሰሜንን በእግሩ የዞረ፣ ቋንቋ የለመደ ሰው ነው። ከላስታ ወታደሮች ጋር ሲጓዝ ብሩስ ያለውን ዓይነት ድርጊት እንዳየ ለሳልት ነገረው። ሳልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሰፈረ፤ ብሩስም ከሞተ ከሃያ ዓመት በኋላ ስሙ በከፊል ታደሰ።

እንግዲህ ላስታና ዋግ ወደ አውሮፓ አንባቢ የገቡበት አንዱ በር ይህ ነው፤ የአንድን ስኮትላንዳዊ ክብር ለማስመለስ በቀረበ የላም ምስክርነት። ፒርስ ስለ ሰዎቹ አኗኗር፣ ስለ ጦር አመራር፣ ስለ ተከዜ ምንጭና ስለ ተራሮቹ ብርድ የነገረውም አለ። ነገር ግን የመጽሐፍ ዕጣ ከዜና ዕጣ አይለይም። መቶ ገጽ ደኅና ነገር ተጽፎ አንዷ ገጽ ናት የምትዞረው። ዛሬ አንድ ሰው የሁለት ሰዓት ንግግር አድርጎ የሠላሳ ሰከንድ ቁራጩ በስልክ ሲዘዋወር የሚገርመው ካለ፣ የብሩስን ታሪክ ያንብብ።

የጨው ረድፍ

ሁለተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጡት መጻሕፍት ስለ ሰቆጣ ለመናገር ብለው የተጻፉ አይደሉም፤ ስለ ገንዘብ ሲያወሩ ግን ሰቆጣን መዝለል አልቻሉም።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው የግሪክ ነጋዴ የአክሱም ሰዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ሄደው በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል። ከ1520 እስከ 1526 በአገሩ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ ጨው በመላው አገር እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ከሚቆረጥበት ቦታ በራቀ ቁጥርም ዋጋው እንደሚጨምር ያስረዳል። አልቫሬዝ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ገልጾ ሲያበቃ አንባቢ እንዳያምነኝ ብሎ ስለ ሰጋ ያየሁት እውነት ነው ሲል ምሏል። ስለ ጨው ሲጽፍ ግን መማል አላስፈለገውም። ገንዘብ ሲሆን ሁሉም ሰው ያምናል።

አሞሌው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ይቆረጣል። በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወርድ ሰቆጣ ይደርሳል። የሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ታሪክ በ1968 አዲስ አበባ ላይ ሲታተም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበሩት የአገሪቱ የጨው ገበያዎች ሰቆጣን ከዋናዎቹ ተርታ አስቀምጧታል። ከሰሜን የመጣው ሲራራ ነጋዴ እዚያ ያራግፋል፤ ወደ የጁ፣ ወደ በጌምድርና ወደ ጎጃም የሚሻገረው እዚያ ይጭናል። አሞሌ በርካሽ ከሚገኝበትና በውድ ከሚሸጥበት አገር መካከል የተቀመጠ ከተማ ደግሞ ምንም ሳያመርት መክበር ይችላል።

ይህን በዛሬ ቋንቋ እንናገረው ቢባል ሰቆጣ የምንዛሪ ገበያ ነበረች። አንድ ማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ሰሜን ላይ ብዙ አሞሌ ይገዛል፤ ደቡብ ላይ ጥቂት። ልዩነቱን የሚያውቅ ነጋዴ ያተርፋል፤ የማያውቅ ገበሬ ይከስራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው የባንኮችን ሰሌዳ እያነጻጸረ «በአንድ አገር ውስጥ ስንት ዋጋ ነው ያለው?» ብሎ ተገርሞ ነበር። የሰቆጣ ገበያተኛ ቢሰማ ባልገረመው። ለእሱ የገንዘብ ዋጋ በየኬላው መለወጡ የተፈጥሮ ሕግ ነበር።

አሞሌ ገንዘብ ሲሆን ጣጣው ብዙ ነው። ዝናብ ያሟሟዋል። ጠርዙ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል። ነጋዴው በልጥ ጠፍሮ፣ ከእርጥበት ሸሽጎ ነው የሚያጓጉዘው። በሌላ በኩል ጨዋነት ያለው ገንዘብ ነበር፤ ሁሉ ነገር ቢበላሽ ወጥ ውስጥ ይገባል። ዛሬም ገንዘብ ይበላል፤ ጣዕም የለውም እንጂ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ጨው በግመል ጀርባ ላይ የአገር ሀብት ሆኖ ለሚሄድበት ሕዝብ የተለየ ክብደት ነበረው።

አሞሌ በአዋጅ በአንድ ቀን አልሞተም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ ያስቀረጹትን ብር አወጡ። በ1905 የአቢሲኒያ ባንክ ተቋቋመ። የድሬዳዋ ባቡር መጣ፤ ንግዱ ወደ ምሥራቅና ወደ መሐል ዞረ። የሲራራ መንገዱ እየቀዘቀዘ ሄደ። ሰቆጣ ያላት ቦታ አልተለወጠም፤ በዙሪያዋ ያለው ካርታ ግን ተለወጠባት።

የንጉሡ አንቀጽ

ሦስተኛው ረድፍ የነገሥታት ነው። የዋግ ሹሞች ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቆጥራሉ። በትውፊቱ መሠረት ይኩኖ አምላክ በ1270 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ሲይዝ ለዛጔ ወገን ዋግን በርስት አጸናለት፤ የዋግ ሹምም በብር ወንበር የመቀመጥና ነጋሪት የማስመታት ክብር ተሰጠው። ይህ ውል በትክክል እንዲህ ሆኖ ተፈጽሟል ወይ ብሎ የታሪክ ምሁር ቢከራከር መብቱ ነው። ነገር ግን አንድ የአካባቢ ገዢ ቤት ከመካከለኛው ዘመን እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሹመቱን ይዞ መዝለቁ በራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ከሰቆጣ ብዙም በማይርቀው በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከድንጋይ በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን የእነዚህ ሹሞች አጽም አርፏል። ወደ ላሊበላ የሚጣደፈው ጎብኚ ብዙ ጊዜ ሳያየው ያልፋል።

ከዚህ ቤት አንድ ሰው እንደገና ንጉሠ ነገሥት ሆኗል። አባቱ ዋግ ሹም ገብረ መድኅን በአፄ ቴዎድሮስ የተገደሉበት ዋግ ሹም ጎበዜ፣ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ በዚያው ዓመት አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናትን አሳደሰ። ድንቅነሽ ምርጫን አገባ። ችግሩ የድንቅነሽ ወንድም የትግራዩ ካሳ መሆኑ ነው።

ካሳ ሁለት ነገር ነበረው፤ ተክለ ጊዮርጊስ የለውም። የመጀመሪያው መሣሪያ ነው፤ የናፒየር ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ለትብብሩ ወሮታ 12 መድፎችና ከ700 በላይ ጠመንጃ ትቶለት ሄዷል። ሁለተኛው ጳጳስ ነው። አቡነ ሰላማ በ1867 እ.ኤ.አ. ስለሞቱ ተክለ ጊዮርጊስ ያለ ጳጳስ ነበር የነገሠው። ካሳ ግን 20,000 ጠገራ ብር ወደ ግብፅ ልኮ አቡነ አትናቴዎስን አስመጣ። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ሲጋጠሙ የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ተሸነፈ፤ ተማረከ፤ እስር ላይ ሞተ። ካሳ ዮሐንስ አራተኛ ተባለ። የጨው ገንዘብ አገር ልጅ በጠገራ ብር ተበልጦ ቀረ ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በዘመናዊ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ተክለ ጊዮርጊስ አብዛኛውን ጊዜ ድልድይ ነው። ከቴዎድሮስ ምዕራፍ ወደ ዮሐንስ ምዕራፍ የሚያሻግር አንቀጽ። ተማሪው ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳዋል። ሦስት ዓመት የነገሠ ሰው ሦስት ምዕራፍ ይገባዋል የሚል የለም። ሆኖም ከቴዎድሮስ በኋላ የነበረውን ክፍተት ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ተሸናፊው ምን አስቦ እንደነበር መጠየቁ አይቀርም። ያንን የሚያወሳ ራሱን የቻለ ወፍራም መጽሐፍ በአማርኛ መደርደሪያ ላይ ቦታው እየጠበቀው ነው።

በቪየና የታተመ ቋንቋ

በአራተኛው ረድፍ ላይ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ብቻውን ቆሟል። ኦስትሪያዊው የቋንቋ ሊቅ ሊዮ ራይኒሽ የዋግ አገዎችን ቋንቋ ያጠናበት ሥራ ሲሆን የታተመው በቪየና፣ በጀርመንኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ዴቪድ አፕልያርድ የቋንቋውን ሰዋስው በአጭሩ ጻፈ፤ በእንግሊዝኛ።

ኽምጠኛ ዛሬ በልዩ ዞኑ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ በሬዲዮም ይሰማል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ደግ ነው። የአገሩ ልጅ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን በክፍል ውስጥ ከማንበቡ በፊት የቪየና ምሁራን አንብበውታል። ስለ አንድ ሕዝብ የሚጻፈው ሁሉ ለሌላ ሰው በሚጻፍበት አገር፣ ሕዝቡ ስለ ራሱ የሚያውቀውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ይጠበዋል፤ ትርፉ ለተረት፣ ለለቅሶና ለሻደይ ይቀራል። እነዚህም ቢሆኑ በስልክ ካሜራ ተቀርጸው ርእሳቸው የሚጻፈው ሌላ ቦታ ነው።

የረሃብ ረድፍ

አምስተኛው ረድፍ ከሁሉም ይከብዳል። በመጽሐፉም ብዛት፣ በጉዳዩም።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የማይክል ቡርክን ዘገባ ከመሐመድ አሚን ምስል ጋር አሰራጨ። ቦታው ቆረም ነበር። ከዋግ ተራሮች የወረደው ሕዝብ ከሌላው የወሎና የትግራይ ተፈናቃይ ጋር እዚያ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ነበር። አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት መስከረም 2 በታላቅ ድግስ አክብራ አርባ ቀን ገደማ አልፏታል። በዚያን ጊዜ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽነር የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በ1989 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተሙትና በአማርኛ «የደም ዕንባ» የተባለው መጽሐፋቸው ይህን የድግስና የሞት ጎረቤትነት ከውስጥ ሆነው ያሳያሉ። መጽሐፉ እንደ ማንኛውም የባለሥልጣን ትዝታ ጸሐፊውን በጥሩ ብርሃን ላይ ያስቀምጣል፤ አንባቢ ይህን እያሰበ ቢያነበው ይጠቀማል።

ከዚህ ረድፍ ውስጥ በእርጋታ መነበብ ያለበት ግን የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሥራ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የታተመውና ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን የሚመረምረው ይህ መጽሐፍ፣ ረሃብ ዝናብ ስለ ቀረ ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ ይከራከራል። ገበሬው በደጉ ዓመትም ቢሆን ያለ ጥሪት የሚያስቀር ሥርዓት ሲኖር የአንድ ዓመት ድርቅ ይበቃዋል ይላል። መጽሐፉ ከሚያነሳቸው ምሳሌዎች መካከል በ1958 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ የደረሰው ረሃብ አለ። ሪፖርቱ ከታች ተነስቶ በየጠረጴዛው እያረፈ እላይ እስኪደርስ ወራት ፈጀ። ሲደርስ ደግሞ የተሰጠው ምላሽ የሟቾች ስም ዝርዝር ይላክ የሚል ነበር።

ይህን ያነበበ ሰው መሳቅ ይከጅለዋል፤ ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ምክንያቱም ቢሮው ዛሬም አለ። «መረጃው ተጠናቅሮ ይላክ» የሚለው ደብዳቤም አለ። ማኅተሙ ነው የተለወጠው።

ጨዋውን የገበያ ዘመን ከረሃቡ ዘመን ጋር አነጻጽሮ «ድሮ እንዴት ደኅና ነበርን» ማለት እዚህ ላይ ያጓጓል። መስፍን ግን ያንን በር ይዘጋል። ሰቆጣ የጨው ገበያ በነበረችበት ዘመን ነጋዴው ከብሮ፣ ኬላ ጠባቂው ቀረጥ ሰብስቦ፣ ሹሙ በብር ወንበር ተቀምጦ ሳለ፣ ኮረብታው ላይ ገብስ የሚዘራው ሰው ያገኘው አንድ አሞሌ ለወጥ ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ያ ሁሉ ገበያ አላዳነውም። ከተማ በገበያ ስትከብር ገበሬ አብሮ ይከብራል የሚል ሕግ የለም። በቅርቡ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነት በሰቆጣም በኩል አልፎ፣ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ፣ ድርቁ ተከትሎ ሲመጣ የታየው ይኸው ነው። ጥሪት የሌለው ሰው ሁለት ዱላ አይችልም።

የመጨረሻው ሰነድ

ስድስተኛው ረድፍ ላይ ያለው መጽሐፍ ሳይሆን ሰነድ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ በተካሄደበት ወቅት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ቃል ገባ። ስሙ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። ሥራው የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ዙሪያ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነበር።

ጉዳዩ ትክክል ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአገሪቱ ሕፃናት 38 በመቶው ቀንጭረው ነበር፤ በ2019 ደግሞ 37 በመቶ። በእነዚህ ቁጥሮች ፊት ለፊት የሚኮራ መንግሥት የለም። ቃል ኪዳኑም ጤናን ብቻ ሳይሆን ውኃን፣ እርሻንና ትምህርትን አንድ ላይ ለማየት መሞከሩ ከቀደሙት ዕቅዶች ይሻላል።

የስሙ ነገር ግን ያስተክዛል። የነጋዴ ከተማ፣ የዋግ ሹም መናገሻ፣ የሻደይ አገር በዓለም አቀፍ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ስሟ ሲጠራ የሚታሰበው ያላደገ ልጅ ሆነ። ሌሎች ከተሞች ስማቸውን ለቡና፣ ለአየር ማረፊያ፣ ለእግር ኳስ ቡድን ሰጥተዋል። ሰቆጣ ለመቀንጨር ሰጠች፤ ሲሰጡባትም የጠየቃት አልነበረም። በዚያው ምድር የአበርገሌ ፍየል አለ፤ የዋግ ማር አለ፤ ለደረቅ ምድር እርሻ የተቋቋመ የምርምር ማዕከል አለ፤ 188 ሜትር የሚረዝመው የተከዜ ግድብ ባጠራቀመው ውኃ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ወጣቶች አሉ። አያቶቻቸው ገደል ወርደው የሚሻገሩት ወንዝ ለእነሱ ሐይቅ ሆኗል። ይህን የሚያወሳ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ የለም።

ስም ክፉ ሆኖ የሚቀረው ቃሉ ሳይፈጸም ሲቀር ነው። ቃል ኪዳኑ ከተሳካ ሰቆጣ የተባለችው ከተማ በአገሪቱ ልጅ ያለ እጥረት ማደግ የጀመረባት ተብላ ትታወሳለች፤ ያ ከአሞሌ ዘመንም የሚበልጥ ክብር ነው። ካልተሳካ ደግሞ ስሟ በየሪፖርቱ ሽፋን ላይ እንደታተመ ይቀራል፤ ቀነ ገደቡ ይገፋል፤ ለአዲሱ ቀነ ገደብ አዲስ አርማ ይሠራለታል።

ቃሉ በተገባበት ሐምሌ በዋግ ተራሮች የተወለዱት ልጆች ሁለት ዓመት ከሞላቸው ቆይቷል። ቀነ ገደቡ ሲደርስ አሥራ አምስት ዓመት ይሞላቸዋል። አንዳንዶቹ ፍየል ይጠብቃሉ፤ አንዳንዶቹ ኽምጠኛ እያነበቡ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ስለ ሰነዱ ብዙ ግምገማ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። የእነዚህን ልጆችና የታናናሾቻቸውን ቁመት ለክቶ የሚያወዳድር የጤና ኬላ ሠራተኛ ግን ከሁሉም ግምገማ አጭሩንና ትክክለኛውን በሴንቲ ሜትር ይጽፈዋል።